የታመመ እንስሳ ይጠየቃልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ዛሬ የምንማረው ስለ ምግባረ ሠናይ ነው። ምግባረ ሠናይ ማለት መልካም ሥራ ማለት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት በዚህ ስም የሚጠራ ክፍል እንዳለ ታውቃላችሁ። የክፍሉ አባላት በዓል ሲቃረብ ልብስና እህል ይሰበስባሉ፤ የአረጋውያንን ቤት ያጸዳሉ፤ ሕሙማንን በየሆስፒታሉ፣ እስረኞችን በየማረሚያ ቤቱ እየሄዱ ይጠይቃሉ። ከእናንተም መካከል ከታላላቆቹ ጋር ሙዝና ብርቱካን ተሸክሞ የሄደ አይጠፋም። በቀለም ትምህርት ቤቶቻችሁም የበጎ አድራጎት ክበብ ወይም የተፈጥሮ ክበብ የሚባል ይኖር ይሆናል፤ ሥራው ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

እነዚህ ክበቦች አንዳንድ ጊዜ የሚጠይቁት ሰውን ብቻ አይደለም። ለተጎዱና ለተጣሉ እንስሳት ወደ ተሠራ መጠለያ የሚሄዱም አሉ። ይህ ሲሰማ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሚያነሡትም ልጆች ብቻ አይደሉም። የተራበ ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ሳለ የታመመ አህያ ለመጠየቅ መሄድ ምን ይባላል? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከዘረዘራቸው መካከል የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመና የታሰረ ሰው አለ እንጂ አህያና ውሻ የሉም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ «ዝም በሉ» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንጠይቅ፤ ከዚያ ወደ ጉዱማሌ እንወርዳለን።

ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት በስድስት ቀን እንደተፈጠሩ ተምራችኋል። ሐሙስ ቀን ከውሃ፣ ዓርብ ቀን ደግሞ ከምድር እንስሳት፣ አራዊትና አዕዋፍ ተፈጠሩ። አዳምም የተፈጠረው በዚያው በዓርብ ነው። እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ አዳም አመጣለት፤ አዳምም ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው። ልጆች፣ በቤታችሁ ስም የሚያወጣው ማን ነው? አባት፣ እናት ወይም አያት አይደለምን? ስም ያወጣ ሰው ለስሙ ባለቤት ያስባል፤ ይመግባል፤ ሲታመም ያስታምማል። አዳም በእንስሳት ላይ ገዥ ሆኖ መሾሙን ስንሰማ ይህን አብረን ማሰብ አለብን።

በኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ በመጣ ጊዜ ስምንት ሰዎች በመርከብ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ከእንስሳት ጋር ኖሩ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ መርከቡና ስለ ዝናቡ ነው። ያን ሁሉ እንስሳ በየቀኑ ማን ያበላው ነበር? ጉድፉንስ ማን ይጠርግ ነበር? ኖኅና ልጆቹ ናቸው። ዓለም ያወቀው የመጀመሪያው የእንስሳት መጠለያ የኖኅ መርከብ ነው ብንል አንሳሳትም።

በኦሪት ሕግም እንስሳት አልተረሱም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አልፈህ አትሂድ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆነህ አንሣው የሚል ትእዛዝ አለ። ልብ አድርጉ፤ የወዳጅ አህያ አይደለም፣ የጠላት ነው። አህያው በጌታውና በእኛ መካከል ባለው ጠብ ውስጥ የለበትም። እንዲሁም በሬ እህል ሲያበራይ አፉ እንዳይታሰር፣ በሬና አህያ በአንድ ቀንበር እንዳይጠመዱ በኦሪት ዘዳግም ተጽፏል። የበሬና የአህያ ቁመትም ጉልበትም እርምጃም አይመሳሰልም፤ አብረው ቢጠመዱ ደካማው ይጎዳል። የሰንበት ዕረፍት እንኳ የተሰጠው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያውም ጭምር ነው።

የበለዓምን አህያ ታሪክ የምታውቁት ይመስለኛል። በለዓም ነቢይ ሆኖ ሳለ ያላየውን የእግዚአብሔርን መልአክ አህያይቱ አየችው። እርሱ ግን ሦስት ጊዜ መታት። መልአኩም በኋላ ስለ ሦስቱ ዱላ በለዓምን ጠየቀው። (ታሪኩን በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡት፤ በጣም ደስ ይላል።) በነነዌ ጾምም የጾሙት ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ንጉሡ ከብቶቹም እንዲጾሙ አዘዘ። በትንቢተ ዮናስ መጨረሻ እግዚአብሔር ከተማይቱን የማረበትን ምክንያት ለዮናስ ሲነግረው፣ በውስጧ ካሉት ከመቶ ሃያ ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ብዙ እንስሳትንም ቆጥሯል።

ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በሥዕላቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ በየወሩ በ5 እናስባቸዋለን። ስልሳ አንበሶችና ስልሳ ነብሮች አብረዋቸው ይሄዱ ነበር። ከዓይናቸው አጠገብ ያለችውን ወፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በውሃ ጥም የደከመች ወፍ ናት፤ ጻድቁ እንባቸውን አጠጧት። ሠዓሊዎቻችን ይህችን ወፍ ሳይሥሉ አይተዉም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሰው ይቀድማል፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና። ነገር ግን አህያ ያከመ ሰው ከድኃ አፍ የወሰደው ነገር የለም። እንዲያውም በአገራችን የድኃ ቤት ብዙ ጊዜ የሚኖረው በአንዲት አህያ ጀርባ ነው። ውሃ የምታመጣው፣ እህል ወፍጮ ቤት የምታደርሰው፣ የጋሪ ገንዘብ የምታስገባው እርስዋ ናት። አህያይቱ ስታነክስ የቤቱ ልጆች እራት ይጎድላል። ስለዚህ የአንዷን አህያ ቁስል ያሰረ ሰው በዚያው ቀን የአንድ ቤተ ሰብ ልጆችን ጠየቀ ማለት ነው።

አሁን መጠለያ ምን እንደሆነ እንይ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሆለታ ከተማ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል ስፍራ አለ። ስፋቱ 77 ሔክታር ያህል ሲሆን ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የተባለ የዱር እንስሳት ረድኤት ድርጅት ነው። ወደዚያ የሚገቡት ከሰው እጅ የተረፉ የዱር እንስሳት ናቸው። በድብቅ ከአገር ሊወጡ ሲሉ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች አሉ፤ በግለሰብ ግቢ ታስረው የኖሩ አንበሶች፣ ጦጣዎችና ኤሊዎችም ገብተውበታል።

ከሁሉ የሚታወቀው ዶሎ የሚባለው አንበሳ ነው። ስሙን ያገኘው በሶማሊያ ድንበር አጠገብ ካለችው ከዶሎ ከተማ ነው። በዚያ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ዓመታት አሳልፏል። ሰንሰለቱ አንገቱን እየፈገፈገ ጎፈሩን አርግፎት ነበር። ጎፈር የሌለው አንበሳ ምን እንደሚመስል አስቡት! ከሰንሰለቱ ተፈትቶ ወደ እንስሳ ኮቴ ከመጣ በኋላ ሣር ላይ ተራመደ፤ ጎፈሩም መልሶ በቀለ። ወደ ዱር ግን አልተመለሰም። ለምን ይመስላችኋል? አንበሳ አደን የሚማረው በግልገልነቱ ከእናቱ ነው። ያን ጊዜ በሰንሰለት ያሳለፈ አንበሳ ዱር ቢለቀቅ በረሃብ ይሞታል፤ ወይም ሰውን ስለማይፈራ ወደ መንደር ይመጣል። መጠለያ ሲባል እንግዲህ ሁለት ሥራ አለው። መመለስ የሚችለውን አክሞ ወደ ዱሩ ይመልሳል፤ የማይችለውን እስኪሞት ይጦራል።

አዲስ የመጣ እንስሳ በመጀመሪያ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ይቆያል፤ በሽታ ይዞ እንደሆነ ለሌሎቹ እንዳያስተላልፍ ነው። ሐኪም ይመረምረዋል። ምግቡ ይለካል። ወደ ዱር ይመለሳል ተብሎ የታሰበ እንስሳ ደግሞ ሰው በብዛት እንዲያየው አይደረግም፤ ሰውን ከለመደ መመለስ አይችልምና። የክበብ ልጆች እንዲህ ያለ ስፍራ ሲጎበኙ «ግልገሉን ልቀፈው» ሲሉ «አይቻልም» የሚባሉት ለዚህ ነው። መጠየቅ ማለት ሁልጊዜ መንካት ማለት አይደለም። ሆስፒታልም ስትሄዱ በመስታወት ብቻ የምታዩት ሕመምተኛ አለ።

ለቤት እንስሳት የሚሠሩም አሉ። ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ አህያ ያለው በኢትዮጵያ ነው፤ ቁጥራቸው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባለው የአህዮች ረድኤት ድርጅት በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ካለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በአዲስ አበባም በመርካቶ አካባቢ እህል ተሸክመው ለሚመጡ አህዮች ነጻ ሕክምና ይሰጥ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ በመቃወሙ ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። አህያ በአገራችን ስድብ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። ጌታችን በሆሣዕና ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በፈረስ አልነበረም።

ስለ ፈረስ ካነሣን አይቀር የዶሮቲ ብሩክን ታሪክ ልንገራችሁ። ይህች እንግሊዛዊት ሴት እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ግብፅ ካይሮ ሄደች። በዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ ፈረሶች ጦርነቱ ሲያልቅ ተሸጠው፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ ጋሪና ድንጋይ ሲጎትቱ አየች። ወደ አገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። አንባቢዎቹ ገንዘብ ላኩላት፤ በገንዘቡም 5,000 ያህል ያረጁ ፈረሶች ገዛች። አብዛኞቹ ከመድከማቸው የተነሣ ሊድኑ የማይችሉ ነበሩ፤ ቢሆንም የመጨረሻ ቀናቸውን ጠግበውና አርፈው አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ1934 በካይሮ የፈረስ ሆስፒታል አቆመች። በእርስዋ ስም የሚጠራው ድርጅት ከጊዜ በኋላ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ የጋሪ ፈረሶችንና አህዮችን ረድቷል። አንዲት ሴት፣ አንድ ደብዳቤ!

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሆለታ ደግሞ ከዚያም አልፎ ነው። ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የመኪናው ኪራይ ብቻ ብዙ ነው። ስለዚህ በሐሳባችን ወደ ቅርቡ፣ ወደ ጉዱማሌ እንውረድ። እዚያ ጠባቂ ሐኪም የለም፤ እንስሳት ግን አሉ።

ጉዱማሌ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳና መናፈሻ ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ፍቼ ጫምባላላን የሚያከብረው በዚህ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሽማግሌዎቹ በበዓሉ ሕዝቡን ሲመክሩ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ አደራ ይላሉ፤ ከብቶችም ወደ ለምለም ግጦሽ ይሰማራሉ። ሽማግሌዎቹ በዓል ሲያከብሩ ለዛፍና ለከብት ማሰባቸው ከላይ ካነበብነው የኦሪት ሕግ ጋር አይስማማምን?

በሐይቁ ዳር በመጀመሪያ የምታዩት አባ ኮዳን ነው። ረጅም፣ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ኮዳ የመሰለ ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ ነው። ቁመቱ ከአንዳንዶቻችሁ ይበልጣል። ልጆች መልኩን አይተው ይሥቁበታል፤ ነገር ግን ራሱ ላይ ላባ የሌለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምግቡ ጥንብና የዓሣ ትራፊ ስለሆነ ላባ ቢኖረው በደምና በጉድፍ ይቆሽሽ ነበር። እግሩ ነጭ የሚመስለውም ሙቀት ሲበዛበት በኩሱ ስለሚቀባው ነው፤ ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ አጥማጆቹ የቆሮሶና የአምባዛ ትራፊ ሲጥሉ እየለቀመ ሐይቁን ዳር ያጸዳል። ደመወዝ የማይከፈለው የጽዳት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ዓሣ የሸተተ ፌስታል ሲያገኝ ዓሣ መስሎት መዋጡ ነው። ፌስታል በሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ወፉ ጠግቦ እየመሰለው ይራባል። የተቆረጠ የመረብ ክር ደግሞ በእግር ላይ ይጠመጠምና ደም እስኪያቆም ያንቃል። ክር የተጠመጠመበት ወፍ ብታዩ አትጎትቱት፤ መንቁሩ ዓይን ያጠፋል። ትልቅ ሰው ጥሩ፤ እርሱም ጨርቅ ጣል አድርጎ ይያዘውና በመቀስ ይቁረጥለት።

በሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ጉሬዛና ጦጣም አሉ። ጎብኚዎች ኦቾሎኒና ሙዝ፣ አንዳንዴም ከረሜላ ይሰጧቸዋል። መስጠት መልካም ነገር ስለሆነ ይህም መልካም ይመስላል። ጉሬዛ ግን ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ እንደ ላም ሆድ ክፍል ክፍል ያለው፣ ቅጠልን በዝግታ የሚያብላላ ነው። ዳቦና ከረሜላ ሲገባበት ይነፋል፤ ይታመማል። ጦጣዋ ደግሞ ከሰው እጅ መብላት ከለመደች በኋላ ባዶ እጅ ስታይ ትቆጣለች፤ ትቧጭራለች፤ ትነክሳለች። ያን ጊዜ ሰው ድንጋይ ያነሣል። መጀመሪያ ያበላት ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ድንጋዩ የሚያርፈው በእርስዋ ላይ ነው። ስለዚህ ለዱር እንስሳ ምግብ ባለመስጠት የምንራራበት ጊዜ አለ። (በነገራችን ላይ ሐይቁ ጉማሬ አለበት፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣልና በዚያ ሰዓት ከዳር ራቁ።)

ከመንገዱ ላይ የጋሪ ፈረሶችና አህዮች ይመጣሉ። እነርሱን ስታዩ ሐኪም ባትሆኑም ማየት የምትችሉት ነገር አለ። የጋማውን ሥር፣ ደረቱንና የጅራቱን ሥር ተመልከቱ፤ ገመድ ወይም ሲባጎ ቆዳ የሚልጠው በእነዚህ ቦታዎች ነው። የሰኮናውን ስንጥቅ ተመልከቱ። አህያ ሕመሙን አይናገርም፤ እንደ ውሻም አይጮህም። ዝም ብሎ ይቆማል። ዝም ማለቱን ሰዎች ደንቆሮነት ይሉታል። የአገራችን አህያ ራሱ ቢመዘን መቶ ወይም መቶ ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው፤ እኛ ግን አንድ ኩንታል እንጭነውና ለምን አይሮጥም እንላለን። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚል ተረት አለን፤ በመንገድ የምናየው ግን ዳውላውን ትቶ አህያውን መምታት ነው።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ አህያ ካለ የሚደረገው ቀላል ነው። ከጭነቱ ሥር ወፍራምና ንጹሕ ጨርቅ ይደረጋል። በቀን ደጋግሞ ውሃ ይሰጠዋል። ቁስል ቢኖር ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ትንሽ ጨው በገባበት ውሃ ይታጠባል፤ እስኪድንም አይጫንም። ቁስሉን በጋለ ብረት መተኮስ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ግን ያብሰዋል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉና ባለቤቱ እነርሱን ይጠይቅ።

ስለ ውሻ ለብቻው ልናገር፤ እዚህ ላይ የምነግራችሁን በደንብ አንብቡ። ውሻ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ይህ ሥርዐት ነው። አይገባም ማለት ግን ይደብደብ ማለት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው፤ ባለጠጋው አልፎት ሲሄድ እነርሱ ቀረቡት። በመጽሐፈ ጦቢትም ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው ተከትሎት ሄዷል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ታማኝነቱን መናገር ነው። በድንጋይ መምታት እንግዲህ ከየት የመጣ ልማድ ነው?

ከውሻ ጋር ግን አንድ ትልቅ አደጋ አለ፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው፤ ውሻ ብቻ ሳይሆን ድመት፣ አህያና ጦጣም ሊይዛቸው ይችላል። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከመቶ አርባ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ለምን ልጆች ይበዛሉ? ልጆች ከውሻ ጋር ይጫወታሉ፣ ድንጋይም ይወረውራሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ልጆች ሲነከሱ ይደብቃሉ። «ለምን ነካካኸው?» ተብለው እንዳይገረፉ ፈርተው እግራቸውን በካልሲ ሸፍነው ይተኛሉ። ቁስሉም ይድናል። በሽታው ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ልጆች፣ ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ሰዓት ለወላጅ ተናገሩ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። አስራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያለው ሰው ይቁጠርላችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ክትባት ትጀምራላችሁ፤ ክትባቱም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። ወላጆችም ይህን ስታነቡ፣ ተነክሶ የመጣውን ልጅ እባካችሁ አትቆጡት። ቁጣው ለነገ ይቆይ።

አንዳንድ ሰው «ጠበል ይበቃዋል» ይል ይሆናል። በጠበል መጠመቅ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር የወደደውን ያደርጋል። ነገር ግን ባለ መድኃኒትንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም መድኃኒትን እንደማይንቅ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናል። ጠበሉንም ተጠመቁ፤ ክትባቱንም አትተዉ።

ክትባቱን ያገኘው ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እብድ ውሻ ብዙ ቦታ ነክሶት እናቱ ወደ ፓስተር አመጣችው። እስከዚያ ቀን መድኃኒቱ ለሰው በይፋ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ፓስተር እንቅልፍ አጥቶ በ11 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ አስወጋው፤ ልጁም ዳነ። ካደገ በኋላ በፓስተር ስም በተሠራው ተቋም ጥበቃ ሆኖ አገልግሏል። በአዲስ አበባም በጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ተቋም ቀድሞ በዚሁ ሊቅ ስም ይጠራ ስለነበር ሕዝቡ ሰፈሩን እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይለዋል። በዱሮ ጊዜ የተነከሰ ሰው ለብዙ ቀን ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ አሁን በክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው፤ ስለዚህ አትፍሩ።

ለውሻውም ክትባት አለው፤ በየዓመቱ ይሰጣል። ቤታችሁ ያለው ውሻ ዘንድሮ ተከትቧልን? የተከተቡ ውሾች በበዙበት ሰፈር በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋበታል፤ ልጆችም ይድናሉ። ጎዳና ላይ ያለውን ውሻ በመግደል ብቻ በሽታው አይጠፋም፤ የሞተው በነበረበት ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣልና።

የምግባረ ሠናይ ክፍል ልጆች ወደ ጉዱማሌ ሲወርዱ እንግዲህ ምን ይዘው ይሂዱ? ሙዝና ኦቾሎኒ አይደለም። ጆንያና የእጅ ጓንት ይዛችሁ ፌስታልና የመረብ ክር ልቀሙ። ሁለት ሆናችሁ እንጂ ለብቻችሁ አትሂዱ፤ መምህራችሁም አብረዋችሁ ይሁኑ። የጋሪ ነጂ ስታገኙ «ጋሼ፣ ፈረስዎ ውሃ ጠጥቷል?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ አትገሥጹ። እርሱም ልጆች ያሉት፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የመታው ሰው ነው። ባልዲ ውሃ ብታቀብሉት ከምክር ይልቅ ደስ ይለዋል። ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ለሚመጣው ሰንበት እነዚህን ጥያቄዎች መልሳችሁ ኑ። በኖኅ መርከብ ስንት ሰዎች ነበሩ? ዶሎ የተባለው አንበሳ ወደ ዱር ያልተመለሰው ለምንድን ነው? ለጉሬዛ ዳቦ የማይሰጠው ለምንድን ነው? ውሻ የነከሰው ልጅ በመጀመሪያ ምን ያድርግ፣ ለስንት ደቂቃ? በሰፈራችሁ ያሉትን አህዮችና ውሾች ቁጠሩ፤ ቁስል ያለባቸው ስንት እንደሆኑ በደብተራችሁ ጻፉና ለመምህራችሁ አምጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።